ላሊበላ፣ ደሴ ወይስ መቅደላ? ከወሎ የድሮ መናገሻዎች የትኛውን እንጎብኝ

ወሎ ውስጥ የድሮ መናገሻ ማየት የሚፈልግ ሰው ምርጫ ይበዛበታል። ላስታ ላይ የዛጉዌ ነገሥታት ከተማ ላሊበላ አለ። ደቡብ ወሎ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ደሴ አለች። ከደሴ ወደ ምዕራብ ዘልቆ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ቀናቸውን ያሳለፉበት መቅደላ አምባ አለ። ሦስቱም ወሎ ናቸው፤ የሚጠይቁት ጊዜ፣ ጉልበትና ብር ግን ለየቅል ነው።

"አራት ቀን ዕረፍት አለኝ፣ የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሼ የምጠይቀው፣ ምን ማየት እንደሚፈልግና ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቱን ይዞ ለሚሄድ ሰውና ከጓደኞቹ ጋር ተራራ መውጣት ለሚያምረው ወጣት አንድ ዓይነት ምክር አይሰጥም።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። በሕይወታችሁ አንዴ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ላሊበላ ሂዱ። ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ከሆናችሁ፣ ወይም ከሐውልትና ከሕንፃ ይልቅ ሰው የሚስባችሁ ከሆነ ደሴ ይሻላችኋል። መቅደላ ታሪኩን አስቀድሞ በልቡ ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል፦ ወደ ላሊበላ በመኪና የሚያልፈው ሰው ደሴን የምሳ ማቆሚያ አድርጓት መቅረቱ። ደሴ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይገባታል።

ላሊበላ፦ ጊዜ ከሰጣችሁት የሚከፍላችሁ

ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን በ1970 ዓ.ም. ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ላሊበላ ነበር። ከተማው በጥንት ስሙ ሮሃ ይባል ነበር። አስራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዮርዳኖስ ወንዝ ወዲህና ወዲያ በሁለት ወገን ተሰብስበዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ፈንጠር ብሎ ይገኛል።

ብዙ ሰው የሚያጠፋው አስራ አንዱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ መሯሯጡ ላይ ነው። እንዲህ ካደረጋችሁ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ዋሻ አንድ ይሆንባችኋል። ለሁለት ቀን ክፈሉት። የመጀመሪያውን ጠዋት ለሰሜኑ ወገን ስጡ። ቤተ መድኃኔ ዓለም እዚያ ነው። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ስፋቱ 23 ሜትር ያህል ነው፤ በዙሪያው በረድፍ በቆሙ ዓምዶች የታጀበ ነው። ይህ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈለ መሆኑን ውጭ ግቢው ውስጥ ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ አስቡት።

እኔ ግን ረጅሙን ጊዜ እንድትሰጡ የምፈልገው ከጎኑ ላለችው ቤተ ማርያም ነው። በስፋት ከመድኃኔ ዓለም ታንሳለች፤ በጌጥ ግን የሚደርስባት የለም። ከመግባታችሁ በፊት በምዕራቡ በር በላይ ተመልከቱ፤ ሁለት ፈረሰኞች ሲዋጉ ተቀርጸዋል። ውስጥ ስትገቡ የጣሪያውና የቅስቶቹ ሥዕል ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አይታያችሁም። ታገሱ። ቀስ በቀስ ቀዩም ቢጫውም ይወጣል። መሃል ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ዓምድ አለ። ያለፈውም የሚመጣውም ምስጢር ተጽፎበታል ተብሎ ስለሚታመን አይገለጥም። ካህኑን በትህትና ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። "አባቴ" ብላችሁ ጀምሩ፤ መስቀል ተሳለሙ፤ ከዚያ ጠይቁ። በጥድፊያ ካሜራ ደቅኖ ከሚገባ ሰው የበለጠ ታሪክ ትሰማላችሁ።

ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ በር ላይ ቅር አትሰኙም።

ዋና ከተማነቱን መፈለግ ከሆነ ነገራችሁ፣ ሁለተኛውን ቀን ለምሥራቁ ወገን ያዙት። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልንና ቤተ መርቆሬዎስን ያጠኑ ምሁራን እነዚህ ሲጀመር ለቤተ ክርስቲያን የተሠሩ አይመስሉም ይላሉ። አቅጣጫቸውም አሠራራቸውም ከሌሎቹ ይለያል። ቤተ መንግሥት ወይም ምሽግ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ግምት አለ። በዙሪያው ያለውን ጥልቅ ቦይና በላዩ የሚያሻግረውን ጠባብ ድልድይ ስታዩ ግምቱ እውነት ይመስላችኋል። ከዚያ የሚነሳ ድቅድቅ ጨለማ የሆነ ውስጥ ለውስጥ መንገድም አለ። የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። ግድግዳውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ፣ የእጅ ባትሪ ሳታበሩ ሂዱ። ጨለማ የሚፈራ ሰው ካለ ግን በሌላ በኩል መዞር ይቻላል።

ቤተ ጊዮርጊስን ለአመሻሽ አስቀሩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የድንጋዩ ቀለም ይፈካል። መጀመሪያ ከላይ ሆናችሁ የመስቀሉን ቅርጽ እዩ፣ ከዚያ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ውረዱ። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ላይ ከዝናብ ለመከላከል ትልልቅ የብረት መጠለያ ተተክሏል፤ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ያስቸግራል። ጊዮርጊስ ላይ ግን ምንም የለም፤ ሰማዩ ክፍት ነው።

ገናን እዚያ ማክበር ትልቅ ነገር ነው። ቤተ ማርያም አጠገብ ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ሲሉ ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ነገር ግን ለበዓሉ የምትሄዱ ከሆነ ሕንፃዎቹን በደንብ አያለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ሕዝቡ ከየአገሩ በእግሩ ጭምር መጥቶ ግቢውን ይሞላዋል። አልጋ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ሕንፃውን ለማየት ጥቅምት ወይም ኅዳር፤ በዓሉን ለማየት ገና። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማድረግ ለሁለቱም አይሆንም።

የላሊበላ ድካም ደረጃው ነው። ከቦይ ወደ ቦይ መውረድ መውጣት አለ፤ ድንጋዩም በሰው እግር ብዛት ለስልሷል። ጫማ ሁሉም በር ላይ ስለሚወለቅ በቀላሉ የሚወልቅ አድርጉ፤ ወፍራም ካልሲም አትርሱ። ምንጣፉ ውስጥ ቁንጫ ሊኖር ይችላል። ቲኬት ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል። አንዴ የቆረጣችሁት ለአስራ አንዱም ስለሚሠራ እንዳትጥሉት። በምሳ ሰዓት አብያተ ክርስቲያናቱ ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ለከተማው አውሉት፤ ክቡን ባለ ሁለት ፎቅ የላስታ ድንጋይ ቤት ፈልጋችሁ እዩ።

ሦስተኛ ቀን ካላችሁ ይምርሐነ ክርስቶስ አያምልጣችሁ። በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በእግር ትንሽ ዳገት አለ። ይህኛው ከአለት አልተፈለፈለም፤ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በአክሱም ሥርዓት የተገነባ ነው። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ እንዳሠራው ይነገራል። የመግቢያ ክፍያው ለብቻው ነው። እኔ እንዲያውም የላሊበላን ሥራ በደንብ የተረዳሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው። የአክሱም አናጢዎች በእንጨት የሚሠሩትን መስኮትና ማዕዘን ላስታዎች በኋላ በድንጋይ እንደቀረጹት እዚህ ቆማችሁ ትገነዘባላችሁ።

ደሴ፦ ሰው የሚኖርባት መናገሻ

ደሴ ላይ አፍ የሚያስከፍት ሕንፃ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ቅር ይለዋል። ይህን አልደብቅም። የደሴ ታሪክ ፎቅና ሱቅ መሃል ተበታትኗል፤ ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከከተማዋ በስተሰሜን ካለው ቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁና ራስ ሚካኤል ተባሉ። መጀመሪያ መቀመጫቸው ተንታ ነበር፤ በኋላ ደሴን ከተማቸው አደረጉ። አድዋ ዘምተዋል። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክን አልጋ ሲይዙ፣ እሳቸው በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ድል ሆኑና ተማረኩ። ይህን ታሪክ ሳያውቁ ደሴን መዞር ከባድ ነው። አውቃችሁ ስትዞሩ ግን የምታዩት ሁሉ ይያያዝላችኋል።

አይጠየፍ አዳራሽ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት ነበር። ጌታውም ደሃውም የበላበት ቤት ነው። ከዚያ እሳቸው ያሠሩትን መድኃኔ ዓለምን እዩ። የመርሆ ግቢም የእሳቸው ነው፤ በኋላ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ኖረውበታል። የደሴ ሙዚየም በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ነው የተከፈተው። ከተማዋ በቅርቡ ጦርነት ውስጥ ገብታ ስለወጣች፣ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ። በኅዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። ይቺ ከተማ ብዙ መከራ ችላ ያለፈች ናት።

ደሴ ከላሊበላ የምትበልጠው ግን በሰዎቿ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ወይም ሸዋ በር ገባ ብላችሁ የቡና ቤት ፈልጉ። ሣር የተጎዘጎዘበት፣ ዕጣኑ የሚጨስ ትንሽ ቤት አይጠፋም። ባለቤቷ "አብሽሩ ልጆቼ፣ አረፍ በሉ" ትላችኋለች። ቡናው ሲወጣ አንዲት እናት ዱዓ ታደርጋለች። አንዱ ነጠላ ለብሶ፣ ሌላው ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል፤ "አሚን" የሚሉት ግን አንድ ላይ ነው። አባቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ክርስቲያን የሆነ ሰው ወሎ ላይ ብርቅ አይደለም። ይህን ለማየት ቲኬት አይቆረጥም። መቀመጥና እስከ ሦስተኛው፣ እስከ በረካ መጠበቅ ብቻ ነው። ቸኩሎ ከአቦል የሚነሳ እንግዳ ደሴን አላያትም።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ምሽቱ ይበርዳል። ጃኬት ያዙ። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ጦሳን ወጥታችሁ ቁልቁል ተመልከቱ፤ ከተማዋ በተራራ ተከባ ሸለቆው ውስጥ ተዘርግታ ትታያለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጉሙ ቀኑን ሙሉ ላይነሳ ይችላል። ያኔ የጦሳን እይታ ብላችሁ አትምጡ።

ሌላው የደሴ ብልጫ ዙሪያዋ ነው። ሐይቅ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ትበላላችሁ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። ሴቶች ወደ ዋናው ገዳም አይገቡም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ሆናችሁ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሰኞ ቀን ከሆነ በኮምቦልቻ በኩል ወርዳችሁ የባቲን ገበያ እዩ፤ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኝበት ነው። መስከረም 21 ላይ ከመጣችሁ ደግሞ ግሸን ማርያም ናት፤ መንገዱ ሁሉ በምዕመን ይሞላል።

መቅደላ፦ ባዶውን ለማየት የሚወጣ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ ሁሉም ተጋዘ። ዘውዱ፣ ታቦቱ፣ ብራናው ተጭኖ ሄደ፤ ለጭነቱ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። የቀረው ተቃጠለ። ዛሬ የመቅደላን ዕቃ ማየት የሚፈልግ ሰው ለንደን ሙዚየም ነው የሚሄደው። ትንሹ ልዑል ዓለማየሁም ዊንድዘር ላይ ነው የተቀበረው።

እንግዲህ አምባው ላይ ምን አለ? ሴቫስቶፖል አለ። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት ተራራ እየተቆፈረ፣ መንገድ እየተደለደለ ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጎ የመጣው መድፍ እዚያው ነው። ሌላው ገደሉና ሜዳው ነው። መቅደላ፣ ሰላምጌና ፋላ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከታች የአሮጌ ሜዳ ይታያል። አፋፉ ላይ ቆሞ ያን መድፍ ያየ ሰው፣ ንጉሡ ምን ያህል ተስፋ አድርገው እንደነበር ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ወሎየ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ከመቅደላ ያመለጠውን ምኒልክን አሳልፋ ስትሰድ፣ የገዛ ልጇ አምባው ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። ምኒልክ አመለጠ፤ የእሷ ልጅ ተገደለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ገደሉን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

መቅደላ ግን ለሁሉም አይደለም። ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። ይወርዳል፣ ይወጣል። ሆቴልና ምግብ ቤት ብላችሁ አትጠብቁ፤ ውሃና ስንቅ ከደሴ ይዛችሁ ሂዱ። የአገሩን ልጅ መሪ አድርጉ፤ ገበሬዎቹ ማንነታችሁን ሲጠይቁ ሰላምታ ሰጥታችሁ የምትሄዱበትን ንገሯቸው። ሕፃን፣ ሽማግሌና ልብ የሚያመው ሰው ይዛችሁ አትሞክሩት። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ያስመርራል፤ ወሎ ላይ ደግሞ የበልግ ዝናብ ስላለ መጋቢትና ሚያዝያም አይታመኑም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጥሩ ነው።

ሰቆጣን ለሚጠይቁኝም አንድ ነገር ልበል። የዋግ ሹሞች መቀመጫ ናት፤ አቅራቢያዋ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚደነቅ ነው። ላሊበላን ቀድሞ ላየና መንገድ ለማይሰለቸው ሰው እንጂ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክራትም።

መንገዱና ኪሱ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና፣ በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ሐረጎን ይወጣል። ንጋት ላይ በአውቶቡስ የተነሳ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ትንሽ ብር ያለው ተማሪ ያለ ምንም ማመንታት ደሴን ይምረጥ። አልጋው ርካሽ ነው፣ ባጃጅ በየቦታው አለ፣ አብዛኛው የሚታየው ነገር በነፃ ነው።

ላሊበላ በአውሮፕላን ለሚሄድ ቅርብ ነው። ኤርፖርቱ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁለት ሌሊት ብቻ ያለው፣ ወይም ከውጭ አገር መጥቶ ቀን የሚቆጥር ሰው በአየር ቢሄድ ይሻለዋል። በመኪና ከሆነ ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከወልድያ ወደ ጋሸና ትወጡና ወደ ቀኝ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ትገባላችሁ። ከደሴ ተነስቶ ላሊበላ ለማደር ቀኑን ሙሉ መድቡለት።

የትኛውንም ብትመርጡ የጸጥታውን ሁኔታ ሳታጣሩ አትነሱ። ቴሌቪዥን ላይ የሰማችሁት አይበቃም። የምታርፉበት ሆቴል ደውሉ፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ዘመድ ካለ ዘመድ ይንገራችሁ። መንገድ ትናንት ክፍት ሆኖ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። አጠራጣሪ ከሆነ ቀኑን ግፉት፤ ሌሊት አትጓዙ።

ሰባት ቀን ካላችሁና መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ መምረጥም አያስፈልጋችሁም፤ ደሴንና ላሊበላን ማያያዝ ይቻላል። በመኪና ደሴ ግቡ፣ ሦስት ሌሊት እደሩ፣ አንዱን ቀን ለከተማዋ አንዱን ለሐይቅ ስጡ። ከዚያ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ውጫሌ ላይ ቁሙ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተፈራረሙት ውል በዚህች ከተማ ስም ነው የሚጠራው፤ አንቀጽ 17 አገሪቱን አድዋ ድረስ ወሰዳት። ወልድያ ምሳ በልታችሁ ላሊበላ ግቡ። ሁለት ቀን ለአብያተ ክርስቲያናቱ፣ ግማሽ ቀን ለይምርሐነ ክርስቶስ። መመለሻውን በአውሮፕላን ካደረጋችሁት ያንኑ መንገድ ድጋሚ ከመንዳት ትድናላችሁ፤ መኪናው የራሳችሁ ካልሆነ ሾፌሩን አስቀድማችሁ በዚህ ተስማሙ።